በለቅሶ ቤት የተገኙ ደንበኞች

ለተትንሳኤ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ከእኔ ጋር በአንድ ግቢ ትኖር ነበር፤ ክፍላችን ጎን ለጎን ነው። በጦርነቱ ጊዜ ከሁመራ ተሻግራ የስደተኞች ካምፕ ቆየች። በኋላ ታናሽ እህቷን ሸዊትን እዚያው ትታ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ መጣች። ሥራዋ ሚላያ መጥለፍ ነው፤ የሱዳን ሙሽራ ይዛው የምትገባውን ጥልፍ የአልጋ አንሶላ። ገልብጬ አይቼዋለሁ፤ በጀርባው እንኳ ቋጠሮ አይታይም።

ሐሳቧ አንድ ብቻ ነበር። ሥራው ሲሰፋ ሻል ያለ ክፍል ተከራይታ ሸዊትን ከድንኳን ማውጣት። ሸዊት ደረቷን ያማታል፤ በክረምት ድንኳኑ ውሃ ያስገባል። ከካርቱም የሸሸው ሰው ገዳሪፍን ስለሞላው ደግሞ ክፍል ተወዷል።

ገዢ ግን አልነበረም። ለተትንሳኤ ሰላም ሲሏት አንገቷን ደፍታ አንድ ቃል ትመልስና ዝም ትላለች። በእኛ አገር ይህ ጨዋነት ነው። የሱዳን ሴቶች ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ፣ ስለ እናት ደጋግመው ካልተጠያየቁ ሰላም የተባባሉ አይመስላቸውም። “ይቺ ሐበሻ ኩራተኛ ናት” አሏት።

ክርና ጨርቅ የምትሸጥላት የጎንደሯ ባሕሪያ አንድ ቀን ተቆጣቻት።

“አንቺ፣ ሚላያሽ አፍ ያለው መሰለሽ? ሳጥን ውስጥ ሆኖ ማንን ይጥራልሽ?”

“ምን ላድርግ እትዬ ባሕሪያ? ሰው ቤት እየገባሁ ግዙኝ ልበል?”

“ሰርግ ሂጂ፣ ለቅሶ ሂጂ። የሐጃ ሲትና ወንድም ሞቷል፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እዚያ ነው።”

“የማላውቀውን ሰው ላለቅስ?”

“ማን አልቅሺ አለሽ? ቁጭ በይ፣ ሻይ አዙሪ፣ ብርጭቆ እጠቢ። ደግሞ ‘ተማም፣ ደህና’ ብለሽ ወሬውን አትዝጊው፤ የፍየላቸውን ጤና ሳይቀር ጠይቂ!”

ከባሕሪያ በተዋሰችው ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች በሚከናነቡት ረጅም ጨርቅ፣ ተሸፍና ሄደች። መጀመሪያ ከበሩ ተመለሰች። የቶቡን ጫፍ ስታፍተለትለው ተጨማዶ ነበር። በማግስቱ ግን ገባች፤ እጇን ለዱዓ ዘረጋች፣ “አልበረካ ፊኩም” ብላ አጽናናች፣ ብርጭቆ ስታጥብ ዋለች። ለቅሶው ሊነሣ ሲል ሐጃ ሲትና ሥራዋን ጠየቀቻት። ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ የምትዳር ልጅ ነበረቻት። የመጀመሪያው ትእዛዝ ያ ነው።

ከዚያ ወዲያ ለመደችው። ማን እንደታጨች፣ ማን እንደሞተ ከሁላችን ቀድማ ትሰማለች። ቦርሳዋ ውስጥ የጥልፍ ናሙና አይጠፋም። ለዱዓ የዘረጋችውን እጅ ካወረደች በኋላ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ዘንበል ትላለች። አንድ ጊዜ አብሬያት ሄጄ፣ ልጇን የቀበረች እናት እያለቀሰች ለተትንሳኤ ናሙናውን ስታወጣ አየሁ።

“በዚህ ሰዓት?” አልኳት በጆሮዋ።

“እማማ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ሌላ የት አገኛቸዋለሁ?” አለችኝ።

ክፍሉ ተገኘ። ለሸዊት አልጋ ገዛች፤ ቀይ ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ሰማያዊ ወፎች የጠለፈችበትን ሚላያም አነጠፈችለት። “ይሄ አይሸጥም” አለች። እህቷን ለማምጣት ልትሄድ ስትነሣ ግን ሰርግ ይደርሳል፤ ሰርጉ ሲያልፍ ለቅሶ። ከቀረች ደንበኛ ይቀየማል። በዚህ መሐል ክረምቱ ገባ፤ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ መኪና አላሳልፍ አለ። ሸዊት በስልክ፣ “አይዞሽ፣ ሲያባራ ትመጫለሽ” እያለች ታስል ነበር።

ሳያባራ ሞተች። መርዶውን ለለተትንሳኤ በስልክ የነገረቻት የሸዊት የድንኳን ጎረቤት ናት፤ የካምፑ ሰው ቀብሯታል።

አዲሱ ክፍል ውስጥ ምንጣፍ አነጠፍን። ሐጃ ሲትና መጣች፤ ሴቶቹ ሁሉ ተከትለዋት መጡ፤ ግቢው ሞላ። ብርጭቆ የሚያጥቡት እነሱ ነበሩ። ለተትንሳኤ እያለቀሰች እጄን ጨበጠችኝ።

“ይኸው እማማ፣ ሰው አለኝ።”

አጠገቧ የተቀመጠች፣ ሚላያ ያዘዘች አንዲት የሙሽራ እናት ለዱዓ የዘረጋችውን እጅ አወረደችና ዘንበል አለች።

“አላህ ያጽናሽ ልጄ። የኔ ሚላያ ለሐሙስ ይደርሳል?”

ለተትንሳኤ ዓይኗን በቶቧ ጠረገች። “ይደርሳል።”

ሴትዮዋ የወፎቹን ሚላያ ጠርዝ አንሥታ ጀርባውን አየች። “ይሄስ የማን ነው?”

ለተትንሳኤ ወፎቹን አየች።

“የማንም አይደለም” አለች። ተነሥታ ከአልጋው ላይ አነሣችው፤ ጠርዙን ከጠርዙ አስተካክላ አጠፈችና ሰጠቻት።