ወንድሜ ናፍጣ አልሸጠም

ወንድሜን ሌባ ያሉት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሾፌሩም መካኒኩም እኔም ባለንበት። እኔ እሱ ሾፌር በሆነበት የአውቶቡስ ድርጅት አውቶቡስ አጣቢ ነኝ። ባልዲዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ወንድሜ አውቶቡስ ሲነዳ ነው የሸበተው። ሰው ቢሰድበው እንኳ "ይሁን፣ ደክሞት ነው" የሚል፣ እኔን እህቱን የሚያናድድ ገራገር! በቅርቡ ድርጅቱ ናፍጣው ውስጥ ባዮዲዝል መቀላቀል ጀመረ። ባዮዲዝል ማለት ከአትክልት ዘይት የሚሠራ ነዳጅ ነው፤ ዘይቱን ከአልኮል ጋር አዋህደው ያቀጥኑትና የናፍጣ ሞተር ይጠጣዋል። ጭስ ይቀንሳል አሉ፣ እውነትም ቀነሰ። ከነዳጁ ጋር ጠብ የለኝም።

ግን አንድ አመል አለው፤ ያጥባል። አሮጌ ታንክ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ዝቃጭ ፈቅፍቆ ያወርድና ነዳጅ ማጣሪያው ፊልትሮ ላይ ይከምረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሰሞን ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት። ነዳጁን ያቀረቡት ሰዎች ይህን ተናግረዋል፤ አለቆቻችን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

የወንድሜ አውቶቡስ ሰው እንደጫነ ዳገት ላይ ተንተፋትፎ ቆመ። አውቶቡሱ ተጎትቶ ግቢ እንደገባ ሥራ አስኪያጁ ፊልትሮውን እንኳ ሳያስፈታ፣ "ናፍጣውን ሸጦ ነጭ ጋዝ ሞልቶበታል!" ብሎ ቁልፉን ነጠቀው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው!

ወንድሜ ቤት ዋለ። ጎረቤት ሰላምታ ነፈገው። ትንሿ ልጁ፣ "አባዬ፣ እውነት ሸጠኸዋል?" ብላ ስትጠይቀው ሲያለቅስ አየሁት።

ሳይውል ሳያድር ሌሎች አውቶቡሶችም እንደዚያው ቆሙ። መካኒኩ ፊልትሯቸውን ቢፈታ ጥቁር ጭቃ። የወንድሜንም ፈታው፤ ያው ጭቃ! ሥራ አስኪያጁ ወንድሜን ቢሮ አስጠርቶ፣ በር ዘግቶ፣ "ስህተት ተፈጥሯል፣ ነገ ሥራህን ጀምር" አለው። የኔ ጅል እሺ ብሎ ወጣ።

"ምን እሺ ነው እሱ?" ብዬ ኮሪደሩ ላይ ጮህኩበት። "ሲያዋርዱህ ግቢ ሙሉ ሰው ፊት፣ ሲታረቁህ በር ዘግተው? አይደረግም!"

ኮፍያውን አጥልቆ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጠዋት ሾፌሮቹ ነዳጅ ሊቀዱ ተሰልፈው ሳለ ሥራ አስኪያጁ መጣና፣ "የፊልትሮ ችግር ነበር፣ ተስተካክሏል፤ በሉ ወደ ሥራ!" ብሎ ለወንድሜ ቁልፉን ዘረጋለት። ወንድሜ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

"ጌታዬ፣ የፊልትሮው ነገር ገብቶናል" አለ። "የኔን ይንገሯቸው።"

ሥራ አስኪያጁ ዙሪያውን አየ። አንድም ሾፌር አውቶቡሱ ውስጥ አልገባም።

"አልሰረቀም" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ለራሱ የሚያወራ በሚመስል ድምፅ።

"አልሰማንም!" አለ ከኋላ አንዱ ሾፌር።

"አልሰረቀም አልኩ! የኛ ጥፋት ነው!"

ወንድሜ ቁልፉን ተቀበለ። አመሰግናለሁ አላለም።