ዐሥራ አራት ቁልፍ

ነርስ ማይሙና አዲስ የተኛን ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የምትጠይቀው ነገር አላት፤ ሲወጣ ማን ይቀበለዋል? ብቸኛውን ቀድማ ለይታ ካላሰበችለት፣ ከዳነ በኋላም መሄጃ አጥቶ አልጋው ላይ ይከርማል።

ዛሬ ጠዋት ወድቀው የመጡት አዛውንት የጭናቸው አጥንት ተሰብሯል። ጢማቸው በሂና ቀልቷል፤ ሽርጣቸው አሁን ከካውያ የወጣ ይመስላል። አንገታቸው ላይ ዐሥራ አራት ቁልፍ በገመድ አንጠልጥለዋል። ራጅ ሲነሱ እንኳ አውልቀው በእጃቸው ጨበጡት እንጂ ለማንም አልሰጡም።

«አባባ፣ ቤት ውስጥ ማን አለ?»

«ማንም የለ፣ ልጄ። አንዲት ክፍል ናት።»

ማይሙና ስማቸውን የብቸኞች ዝርዝሯ አናት ላይ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ የጠያቂ በር ሲከፈት የሰፈራቸው የአርሂባ ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። ለካ ጎረቤቶቹ ሥራ ሲሄዱ የቤታቸውን ቁልፍ የሚተዉት አዛውንቱ ዘንድ ኖሯል! ሁሉም ከቤቱ ውጭ ቀርቷል፤ «ቁልፌን» ያለ ግን የለም። «ደረጃ የሌለው የኔ ቤት ነው፣ እኔ ነኝ የምወስዳቸው» እያሉ በአማርኛም በሶማልኛም በአፋርኛም ይሟገቱ ጀመር።

ማይሙና ሳቋ መጣ። «አባባ፣ ማንም የለም አላሉኝም?»

«ቤት ውስጥ ብለሽ ነዋ የጠየቅሽኝ! እኔ የምውለው ደጅ ነው።»