ዋሻው አፍ ላይ የቀረው ሽማግሌ

ቡራዩ ያስገቡኝ ከሰበታ አንስተው ነው። ሰበታ የሚታሰርበት ቤት ጠፍቶ አይደለም፤ ለምን እዚያ ድረስ እንዳሻገሩኝ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም። ቤቱ ያላለቀ ፎቅ ነበር። ከላይ ብረቱ እንደተገተረ ቀርቶ፣ ምድር ቤቱ ለእኛ ተሰጥቷል። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የመጣብኝ የሲሚንቶ ሽታ ነው፤ ቀጥሎ የሰው፤ ቀጥሎ የሽንት ባልዲው። ሃያ ምናምን ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ለእኔ ብሎ ከመቀመጫው ንቅንቅ ያለ አልነበረም።

ክፍሉ ካቦ ነበረው። ካቦ ማለት ከእስረኞቹ መካከል የተመረጠ አለቃ ነው፤ መኝታ ይደለድላል፣ ስንቅ ያካፍላል፣ የተጣላ ይገላግላል። የእኛው ካቦ ቡራዩ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ የጎጃም ሰው ነው። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«አዲስ ሰው የሚተኛው ባልዲው አጠገብ ነው» አለኝ። «ክፋት እንዳይመስልህ፣ ደንብ ነው። ሥራህ ምንድነው?»

«መምህር ነኝ፣ ጂኦግራፊ። የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍትም እይዛለሁ።»

ይህን ስል ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ተነሣ።

ነገሩ ወዲያው ተነገረኝ። አንድ የተፈታ ሰው መጽሐፍ ትቶላቸው ሄዷል፤ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የጠቆረ ወፍራም ልቦለድ። ሰው እህል መዝራት ሳይጀምር በዋሻ ይኖሩ ስለነበሩ ሰዎች የሚተርክ ባለ ሦስት ቅጽ ሥራ ነው፤ እነሱ እጅ ያለው አንደኛው ቅጽ ብቻ። ጮክ ብለው እያነበቡ ሦስት ጊዜ ጨርሰውታል። ቅጹ የሚያልቀው ድርቅ የመታቸው ሰዎች ዋሻውን ለቀው ሲሰደዱ ነው። ፍሙን በቀንድ ይዛ የምትጓዘው እሳት ጠባቂዋ ሴት ዞር ብላ ስታይ፣ እግሩ አልሄድ ያለው ሽማግሌ ዋሻው አፍ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ከዚያ ወዲያ ገጽ የለም።

«ሁለተኛውን አንብበኸዋል?» አለኝ ካቦው።

መጽሐፉን አውቀዋለሁ። ሁለተኛው ቅጽ የእኔው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ማኅተም የመታሁበትም፣ ለተማሪ የማውሰውም እኔ ነኝ። ገልጬው ግን አላውቅም። ልቦለድ ብዙም አይሆንልኝም፤ እኔ የምወደው ካርታ ነው። ባልዲውን አየሁት። መስኮቱንም አየሁት።

«አዎ» አልኩ።

በዚያች ቃል መስኮቱ ሥር ተኛሁ። አየር ይገባል፤ ጠዋት ጠዋት ከአምቦ መንገድ «አስኮ! ዊንጌት!» የሚሉት ወያላዎች ድምፅ ይሰማል። ለማስታወስ ያህል ብዬ አንደኛውን ቅጽ ተቀብዬ በአንድ ቀን ተኩል ጨረስኩት። ከዚያ ሁለተኛውን መተረክ ጀመርኩ።

ደንቡ እንዲህ ነው። ከምሳ በኋላ እኔ አንድ ምዕራፍ እተርካለሁ፤ ከዚያ ካቦው ዕድል እየሰጠ ሁሉም አስተያየቱን ይናገራል። የሰው ንግግር ያቋረጠ ወለል ይጠርጋል። እንደዚያ ያለ አንባቢ በዕድሜዬ አላየሁም። ከወላይታ መጥቶ ሰበታ ፋብሪካ የሚሠራ ጎልማሳ አለ፤ ጴንጤ ነው። ከካቦው ጋር በሃይማኖት ነገር ሳይነታረኩ የዋሉበት ቀን አልነበረም። ሰው በምድር ላይ ስንት ሺህ ዘመን ኖረ የሚለው ሲነሣ ግን ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ፤ ደራሲው ስቷል አሉ። ተስማምተው ሲያበቁ ደግሞ ከማንም ቀድመው ለነገው ምዕራፍ ቦታ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

«የእኔ አስተያየት ስለ እሳት ጠባቂዋ ነው» ይላል የፋብሪካው ሰው። «ሦስት ቀን ሙሉ ሳትተኛ ፍም ትይዛለች። ሺፍት የላቸውም እንዴ? ተቀያሪ የሌለው ሥራማ እኛም ጋ ሰው ገድሏል።»

ካቦው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ሰዎች ጋር የተደረገው የባልጩትና የቆዳ ልውውጥ አልተዋጠለትም። «እንዲህ ያለ ባልጩት ይዞ መጀመሪያ በተጠራለት ቆዳ የሚስማማ ሰው የለም። ዞር ዞር ብሎ ይጠይቃል እንጂ!»

እኔ እንደ መምህርነቴ ሲቸግረኝ እሳተ ገሞራ አፈነዳለሁ። በአንድ ሳምንት ሦስት አፈነዳሁ።

«ቲቸር» አለኝ የፋብሪካው ሰው፣ «ይሄ ደራሲ እሳተ ገሞራ አላበዛም?»

«ስምጥ ሸለቆ ነዋ» አልኩት።

አስተያየት የማይሰጡት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ከመናገሻ የመጡ ገበሬ። ክፍሉ በሙሉ ኦቦ፣ በኦሮምኛ አቶ፣ ይላቸዋል። አንድ እግራቸው አብጦ ነበር። ልጆቻቸው ሲመጡ «የሉም» እየተባሉ እንደተመለሱ በኋላ ነው ያወቅነው፤ ያኔ ግን ልጆቻቸው የተዉአቸው መስሏቸው ነበር። በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያው እሳተ ገሞራ መሐል እያለሁ ጠየቁኝ።

«ሽማግሌውስ?»

«ሽማግሌውማ በዚያው ሳምንት ሞተ፤ ጅብ በላው» አልኩና ወደ ፍንዳታዬ ተመለስኩ።

ያን ቀን ኦቦ ዳቧቸውን ሳይነኩ መለሱ። በማግስቱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዋሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ግን እያደር ከበደ።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ለምርመራ ተጠራሁ። ወረቀት ቀረበልኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስብሰባ ላይ እንዲህና እንዲያ ሲል አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው። «አላየሁም» አልኩ። ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ ሦስት ጊዜ አላየሁም አልኩ። ትንሽ አቆዩኝና መለሱኝ። ስመለስ ኮርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ምሳ በላን፤ ትረካዬን ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠርግ ኦቦ እጃቸውን አወጡ።

«እኔ ይህን ደራሲ እከሰዋለሁ» አሉ።

«በምን?» አለ ካቦው።

«በሽማግሌው።»

«ኧረ ኦቦ፣ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። ደራሲው ገደለው፣ ሞተ፤ በቃ።»

«ባለቤቶቹ እነዚያ ሰዎች ናቸው እንጂ ደራሲው አይደለም። እሳት ተሸክሞ የሚሄድ ሕዝብ አንድ ሽማግሌ መሸከም ያቅተዋል? እኛ አገር ያነከሰ በሬ እንኳ ተጠብቆ ነው የሚነዳው። ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ሽምግልና ይቀመጥልኝ።»

ሽምግልና ከተጠራ እምቢ አይባልም። ከኦቦ ወገን ሁለት፣ ከደራሲው ወገን ሁለት ሰው ተመረጠ፤ ካቦው ሰብሳቢ ሆነ። የፋብሪካው ሰው ለደራሲው ቆመ።

«ተከሳሹ በሌለበት ይሆናል?» ብሎ ተከራከረ።

«የእኛም ጉዳይ የሚታየው እኛ በሌለንበት ነው» አለ ካቦው። «ቀጥሉ። ምስክር አለ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሁለተኛውን ቅጽ ያነበበ ሌላ ሰው የለ።

ኦቦ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። ቁጣ የለባቸውም፤ እንዲያውም ሊረዱኝ እንደፈለገ ሰው ለስለስ አሉ።

«ቁም ልጄ። እኛ ጋ ምስክር ሳይምል አይናገርም። እንዲህ በል፤ ያነበብኩትን ባልናገር፣ ከዚህ ወጥቼ ልጆቼን አያሳየኝ።»

ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ትንሿ ያን ጊዜ ጥርሷን እየነቀለች ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ «ያነበብኩትን ባልናገር» አልኩና እዚያው ቆምኩ። ጠዋት በዚያ ወረቀት ፊት ያላየሁትን አላየሁም ብዬ የኮራሁት ሰውዬ፣ ለአንዲት መስኮት ብዬ ያላነበብኩትን አንብቤያለሁ ብያለሁ። አፈርኩ። ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

«አላነበብኩትም» አልኩ። «ሁለተኛውን ቅጽ ገልጬ አላውቅም። የነገርኳችሁን ሁሉ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ የተናገረው የፋብሪካው ሰው ነው።

«እሳተ ገሞራዎቹንም?»

«እነሱንም።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስቱንም።»

«ጠርጥሬ ነበር» አለ ራሱን እየነቀነቀ።

እኔ የምመለከተው ኦቦን ብቻ ነው። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ይገባኛልም።

«ጅቡስ?» አሉኝ።

«ጅቡም የእኔ ነው ኦቦ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ዱጋ? እውነት?»

«እውነት።»

«እንግዲያ ሽማግሌው አልሞተም በለኛ!»

መዳፋቸውን አጋጭተው ሳቁ። ኦቦ ሲስቁ ያየናቸው ያን ቀን ነው። ክፍሉ በአንድ ጊዜ በጭብጨባ ተናጋ። እንዲህ የሚጨበጨበው ሰው ሲፈታ ብቻ ስለሆነ፣ ዘበኛው እየሮጠ መጥቶ በሩን ደበደበ።

«ማነው የተፈታው?»

«ሽማግሌው!» አለ ካቦው።

«የምን ሽማግሌ? እኔ ዝርዝር ላይ ሽማግሌ የለም!»

ዝርዝሩን ሲያገላብጥ ይሰማን ነበር። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፤ ምንም ያልገባው ዘበኛ ሳይቀር ሳቀ።

ለሽምግልናው የተመረጡት ጥግ ይዘው ተማከሩና ውሳኔያቸውን ካቦው ተናገረ። የዋሻው ሰዎች ግማሽ ቀን ሳይርቁ ሁለት ጎበዞች ይመለሳሉ፤ ሽማግሌውን ተሸክመው ያመጣሉ፤ እሳት ጠባቂዋ ፍሙ አጠገብ ታስቀምጠዋለች። ደራሲው ለወደፊቱ እንዲጠነቀቅ ተመከረ። እኔን በተመለከተ ካቦው አፉን ሳይከፍት ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ወደ ባልዲው ሄድኩ። መስኮቱ ሥር የሚተኙት ኦቦ ይሁኑ አልኩ፤ የተቃወመ የለም።

ትንሽ ቆይቶ ኦቦ እያነከሱ መጡ። ዳቧቸውን ሁለት ቦታ ቆርሰው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ሽታውንም ከቁም ነገር አልቆጠሩት።

«ብላ» አሉኝ። «ጅብህን ግን ራቅ አድርገህ እሰረው።»

ኦቦ ከእኔ ቀድመው ወጡ። እኔም አንድ ቀን ፋይልህ ተዘግቷል ተብዬ፣ ልጆቼ ወዳሉበት፣ ሰበታ አጠገብ ወዳለው ፉሪ ተመለስኩ። ሰዎች ስለዚያ ቤት ሲጠይቁኝ ስለ ባልዲውና ስለ ወረቀቱ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። እነግራቸዋለሁ፤ የሆነ ነገር ነው። ለብቻዬ ሳስበው ግን ቀድሞ የሚመጣልኝ ሳቃችን ነው። ያን ጊዜ ሌላው ነገር ሁሉ ስለ እኛ የሚወሰን ነበር። እኛ የወሰንነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳስበው ዛሬም ደስ ይለኛል።

ሥራ ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት ሁለተኛውን ቅጽ ከመደርደሪያው ማውረድ ነው። ሦስተኛውን ከሱሉልታ አስመጣሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ልቦለድ አንብቤ አላውቅም። ስጨርስ ተናደድኩ፤ ከዚያ ለኦቦ ደወልኩ።

«አካም ጅርቱ ኦቦ? ሁለቱንም አነበብኳቸው። ዛሬ ብምልም ችግር የለብኝም።»

በስልኩ ውስጥ ጥጃ ይሰማል።

«እና?» አሉ።

«ስለ ሽማግሌው ምንም አይልም። ሞተም፣ ዳነም አይልም። አንድ ቃል የለም።»

«ዝም አለ?»

«ዝም አለ።»

ኦቦ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ተከሳሹ መልስ ከሌለው የእኛ ፍርድ ጸንቷል» አሉ። «ተሸክመውታል።»