ሩዝ ከወንፊቱ ላይ የጠበቅንበት ቀን

በነዳጅ ፍለጋ ቁፋሮ የመጀመሪያ ቀኔ የታዘዝሁት ሩዝ እንድገዛ ነበር። ዲግሪዬን በቦርሳ ይዤ፣ ከዓባይ ማዶ ተነሥቼ፣ ይፋግ አጠገብ ካለው ጉድጓድ ደረስሁ። የጋዝ ቁጥጥር ኃላፊዋ ወይዘሮ ፀሐይ የምንሠራበትን ካቢን እንኳ ሳያሳዩኝ ነጭ ሩዝ ገዝተሽ ነይ አሉኝ። ወጥ ቤት ሊያስገቡኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ድግስ ያለብኝ መስሏቸው ምራቂ ጨመሩልኝ፤ ፊቴ ግን አልተፈታም።

ስመለስ ወይዘሮ ፀሐይ ሩዙን ከጋዝ መለኪያው መሣሪያ ስክሪን አጠገብ አስቀምጠው ሥራውን አስረዱኝ። የቁፋሮ ጭቃ በቧንቧው ውስጥ ይወርዳል፤ ከታች የድንጋዩን ፍርፋሪና ጋዙን ይዞ በቧንቧው ዙሪያ ይመለሳል፤ ላይ ሲደርስ ፍርፋሪው በወንፊት ተጣርቶ ይቀራል። መሣሪያው ጋዙን ከጭቃው እየሳበ መጠኑን በራሱ ይመዘግባል፤ ከልክ ሲያልፍ ይጮኻል። ይሁንና አሁን ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጋዝ አሁን ከሚቆፈረው ድንጋይ የወጣ አይደለም፤ ጭቃው እስኪመለስ ጊዜ ይፈጃል። መሣሪያው ያንን ጊዜ ከጉድጓዱ ስፋት ያሰላል። ለስላሳው የሸክላ አፈር እየታጠበ ጉድጓዱ ሲሰፋ ስሌቱ ይሳሳታል። ሩዙ ከጭቃው ጋር ወርዶ መቼ እንደሚመለስ ለማየት ነው። ቁጣዬ በረደ፤ ሥራውንም ያን ዕለት ወደድሁት።

ወራት ካለፉ በኋላ አንድ ጠዋት ጋዙ በስክሪኑ ላይ ሽቅብ ወጣ። የአሠሪው ኩባንያ ተወካይ አቶ ደረጀ፣ ጋዙ የወጣበት ንጣፍ ተከፍቶ ወዲያው ሙከራ ይደረግ አሉ። የተፈቀደልን ሙከራ አንድ ብቻ ነበር። ከተሳሳተ ጥልቀት ላይ አድርገነው ባዶ ከሆነ የቁፋሮው ማማ ተነቅሎ ይሄዳል፣ እኛም እንበተናለን። መሣሪያው ጥልቀቱን ነግሮናል፤ እኔ ግን ወንፊቱ ላይ የሚራገፈው ሸክላ ስለበዛብኝ የጉድጓዱን መስፋት ጠርጥሬ አላመንሁትም። በሩዝ እንፈትሽ አልሁ።

“በዚህ ዘመን፣ ይህን የመሰለ መሣሪያ እያለ፣ በሩዝ?” አሉ አቶ ደረጀ።

“መሣሪያው ከጉድጓዱ አልገባም፤ እኔም አልገባሁም። ሩዙ ግን ገብቶ ይወጣል” አልኋቸው።

ወይዘሮ ፀሐይ የሩዙን ከረጢት አቀበሉኝ።

አዲስ ቧንቧ ሲቀጠል ሩዙን በአፉ ጨመርነው። ሠራተኛው ሁሉ ወንፊቱን ከበበ። የቁፋሮው አለቃ መላኩ እስከ ክርኑ ጭቃ ተለቅልቆ፣ “አንች ልጅ፣ ምሳችነን እኮ ነው የቀበርሽው” እያለ ሁላችንን ያስቃል። መሣሪያው ያሰላው ሰዓት ደረሰ፤ ሩዝ የለም። አለፈ፤ አሁንም የለም። እኔ መሳቁን ትቼ ጥፍሬን እበላ ጀመር። ከሁላችንም ይበልጥ ያጎነበሱት አቶ ደረጀ ነበሩ፤ የመጀመሪያዋን ፍሬም ያዩዋት እሳቸው ናቸው። “መጣች፣ መጣች” አሉ፣ እንደ ልጅ እየዘለሉ።

ሩዙ ስለዘገየ፣ ጋዙም ዘግይቶ የደረሰ፣ ቀደም ብሎ ከተቆፈረ ድንጋይ የወጣ ነው፤ የመጣው መሣሪያው ከነገረን ንጣፍ ሳይሆን ከእሱ በላይ ካለው ነበር ማለት ነው። ሙከራው እዚያ ተደረገ። የወጣው ጋዝ በማቃጠያው ጫፍ ነበልባል ሆኖ ሲበራ መላኩ እስክስታ መታ፤ ሩዝ የሚያርሙ ሴቶች ከማሳቸው ሆነው እልል አሉ፤ እኔ ከደስታ ብዛት አለቀስሁ። ማማውም ሳይነቀል ከረመ።

ዛሬ ካቢኑን የምመራው እኔ ነኝ። መሣሪያዎቹ ተለውጠዋል፤ ፍጥነታቸውም ሌላ ነው። አዲስ ለሚገቡት የምነግራቸው ይህን ነው፦ መሣሪያው የሚያሰላው እኛ ያስገባንለትን የጉድጓድ ስፋት ይዞ ነው። ጉድጓዱ ከሰፋ እሱ አያውቅም። ስለዚህ ጥልቀት ከመወሰናችሁ በፊት ራሳችሁ በሩዝ ለኩ።