ግመሏ ወደ ቤቷ የሄደችበት ምሽት

«የሌላ ሰው ግመል ቢሆን እሺ እል ነበር። የዚያ ሰውዬ ልጅ ግመል ላይ ግን ልጄ አትወጣም፤ አበቃ።»

«ልጁ ምን አደረገሽ?»

«ልጁ ምንም አላደረገኝም። አባቱ ግን እያወቀ ዝም ያለ ሰው ነው። ዝም ማለት ደግሞ ከቤት ነው የሚለመደው» አለች ሰብለ።

እህቴ ሰብለ አስተማሪ ናት። አዳማ ያለችው አንድ ክፍል ቤቴ መጥታ፣ ከመጻሕፍቱ የተረፈችው ብቸኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው ይህን የምትለኝ። ልጇ ኤደን ቅዳሜ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ወደ መተሐራ ወርዳ፣ አመሻሹ ላይ ግመል ጋልባ፣ ሜዳው ላይ እራት በልታ መመለስ ትፈልጋለች። እኔም አብሬ እንድሄድና ለልጆቹ ግጥም እንዳነብ ለምናኛለች። ወሬው ሰላም ነበር፤ ሰብለ የአዘጋጁን ስም ከነአባቱ እስክትሰማ ድረስ። ቦሩ ሮባ።

ማራገቢያው ይዞራል፣ ሙቀቱ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። እኔ የሰብለን ቀኝ እጅ እያየሁ ነበር። አንጓው እስከ መጨረሻው አይታጠፍም። ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ክንዷን ሙሉ ከትከሻዋ ነው የምታንቀሳቅሰው፤ ለዚህ ነው ፊደሎቿ ትልልቅ የሆኑት።

የቦሩን አባት፣ ኦቦ ሮባን፣ የማውቃቸው ለአንድ ምሽት ብቻ ነው።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ግጥም ማንም አላስተማረኝም። የሱቅ መጠቅለያ ላይ፣ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ እጽፍ ነበር፤ ሰው ሁሉ እኔን ለመስማት ተራ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር። የሰብለ ትምህርት ቤት መምህራን ጡረታ ለሚወጡት ርዕሰ መምህር፣ ለጋሽ መኮንን፣ ሽኝት አሰቡ። ከመተሐራ ወዲያ፣ ፈንታሌ ተራራ ሥር፣ ግመል መጋለብና እራት። ሰብለ «ወንድሜ ግጥም ያነብላቸዋል» ብላ አስገባችኝ። ግጥሜ የሚጀምረው በምትጠልቅ ፀሐይ ስለነበር፣ ልክ ፀሐይ ስትጠልቅ እንዳነብ ለምኜ አስፈቀድኩ። ሦስት ሳምንት ስጽፍ ስሰርዝ ከረምኩ።

ግንቦት ነበር። ወለንጪቲን ስናልፍ በመስኮቱ የሚገባው ንፋስ የምድጃ አፍ የከፈቱ ያህል ይጋረፍ ነበር። መንገዱ ዳር የከሰል ጆንያዎች እንደ ተሳፋሪ ተደርድረዋል። በሰቃ ሐይቅ ጋ ስንደርስ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከግራ ከቀኝ ያዘን፤ መምህራኑ ይዘፍናሉ፣ እኔ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስንኞቼን እደግማለሁ።

ኦቦ ሮባ ሁለት ግመሎች ይዘው አስፋልቱ ዳር ጠበቁን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሽማግሌ ሊባሉ ትንሽ የቀራቸው ሰው ነበሩ። መኪናው ቀድሞ ሲሄድ እኔ ለግጥም ይሆነኛል ብዬ ከእሳቸው ጋር በእግሬ ቀረሁ። አካም ጅርታ ተባብለን፣ የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደህንነት ጠይቀን ስንጨርስ፣ በኦሮምኛ እንዲህ አሉኝ፦

«ስማ ልጄ። ይቺኛዋ እናት ናት፤ ወንዱ ስላነከሰብኝ ነው ያመጣኋት። ግልገሏ ቤት ታስሮ ይጠብቃታል። ፀሐይ እስክትጠልቅ የፈለጋችሁትን ትሸከማለች። ከጠለቀች በኋላ ግን ማንም አይውጣባት። በዚያ ሰዓት ወደ ግልገሏ ነው የምትሄደው፣ ገመድም አይዛትም። ለትልልቆቹ ንገርልኝ።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ልነግርም ነበር። ድንኳኑ ጋ ስንደርስ ግን ጥብሱ ገና ነበር፤ ግመል ያልወጡት ብዙ ነበሩ። ከፀሐይ በኋላ አንዷ እንደማትጋለብ ከሰሙ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ሁሉም ግመል ላይ ለመውጣት ይሻማል፤ እኔን የሚሰማኝ አይኖርም። የእኔ ሰዓትና የግመሏ ሰዓት አንድ ሆነብኝ። ቆይ፣ ትንሽ ቆይቼ እነግራለሁ አልኩ። የፍየሉ ስብ ፍሙ ላይ እየተጠበሰ፣ ዳጣው በሳህን እየዞረ፣ ሰው እየሳቀ፣ እኔ አንድ ጉርሻ ሳልውጥ ፀሐይዋንና ወረቀቴን እያፈራረቅሁ አያለሁ።

ፀሐይዋ ተራራውን ስትነካ ጋሽ መኮንን አጨበጨቡና ጠሩኝ። ኦቦ ሮባ እናቲቱን ከአንድ ግራር ጋር አስረው፣ ውሃ በጆግ ይዘው፣ ለመግሪብ ሶላት ከድንጋዩ ጀርባ ሄዱ። ለትልልቆቹ የነገርኩ መስሏቸዋል። ሰብለ ተራዋ አልደረሳትም ነበር። ግመሏ ተንበርክካ ስታገኛት ኮርቻው ላይ ጉብ አለች፤ ግመሏም ተነሣች።

«ከላይ ሆኜ እሰማሃለሁ፣ ገጣሚው!» አለችኝ።

ውረጂ ማለት ይበቃኝ ነበር። አንድ ቃል። አንድ ግጥም ምን ያህል ይፈጃል፣ አምስት ደቂቃ፣ አልኩ በልቤ። ማንበብ ጀመርኩ።

የግጥሙ ሦስተኛው ቤት ላይ ስደርስ ግመሏ ራሷን ወደ ምሥራቅ አቀናችና ከሆዷ የሚወጣ ድምፅ አሰማች። የግራሩ ቅርንጫፍ ሲገነጠል ሰማሁ። ሰብለ መጀመሪያ ሳቀች። እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት ይህ ነው፦ እህቴ እየራቀች ሳያት፣ ሁለት ስንኝ ጨምሬ አነበብኩ።

ከዚያ በኋላ ሳቋ ጩኸት ሆነ፣ ጩኸቱም ራቀ። በሞባይል መብራት ጥቁሩን ድንጋይ እየረገጥን ሮጥን። የድንጋዩ ስንጥቅ ሰው የሚውጥ ነው፤ በእያንዳንዱ ስንጥቅ ውስጥ የእህቴን ነጠላ የማይ ይመስለኝ ነበር። ከሩቅ ጅብ ጮኸ። ከኋላችን ጥብሱ እያረረ ሽታው ይከተለናል። ኦቦ ሮባ ሶላታቸውን ጨርሰው ሲነሡ ባዶውን ግራር አዩ፤ ማንንም ምንም ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው ወደ ቤታቸው ተራመዱ። እኛም ተከተልናቸው።

ግመሏ በረቱ በር ላይ ቆማ ግልገሏን ታጠባ ነበር። ሰብለ እዚያው የእሾህ አጥሩ ሥር ወድቃ፣ የኦቦ ሮባ ሚስት የተሰበረ አንጓዋን በሻሽ አስረውላት፣ ወተት በጣሳ ይዘውላት ነበር። እንባዋና አቧራው ፊቷ ላይ ጭቃ ሆነዋል።

በሕይወታቸው ጮኸው የማያውቁት ጋሽ መኮንን ጮኹ። «እናት መሆኗን እያወቅህ እንዴት አትነግረንም? እንዴት?»

ኦቦ ሮባ እኔን አዩ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ወረቀቱ አሁንም እጄ ላይ ነበር።

«ለእናንተ መንገር ነበረብኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ በአማርኛ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሰብለን ደግፈን ወደ መኪናው ስንሄድ አጠገቤ መጡ።

«ግጥምህ አልቆ ነበር?» አሉኝ።

ሽሙጥ ነው ብዬ ብዙ ዓመት ተናድጄባቸው ነበር። አሁን በዕድሜ ሳስበው፣ የምር ሊያውቁ የፈለጉ ይመስለኛል፤ እህቴን የለወጥኩበት ነገር ቢያንስ ተጠናቆ እንደሆነ። አላለቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግጥም ጽፌያለሁ፣ ብዙ ቦታ ቆሜ አንብቤያለሁ፤ ሰው ሲያጨበጭብልኝ ሁሌም መጀመሪያ የምፈልገው ፊት ያን ምሽት ጫማዬን እያየሁ ያመለጥኩት ፊት ነው። ያ ትምህርት ቤት ግን ዳግም እዚያ አልወረደም፤ «ያ ዝም ያለው ሰውዬ» የሚለው ስም በአዳማ መምህራን ዘንድ ተከትሏቸው ቀረ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለች ሰብለ።

ነገርኳት። ከአስፋልቱ ዳር ጀምሬ፣ እስከ ሁለቱ ስንኞች። ሳላሳምር።

«ነግረውህ ነበር» አለች። ከዚያ ምሽት ወዲህ ኦቦ ሮባን በአክብሮት ስትጠራ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ነግረውኝ ነበር።»

ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ ገልብጣ ብዙ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣች።

«ኤደን ትሂድ» አለች። «ቦሩ ጋ ትሂድ፤ እኔም አብሬያት ሄጄ አባቱን አያለሁ፣ በሕይወት ካሉ። አንተ ግን አትመጣም።»

የበሩን እጀታ በቀኝ እጇ ሞከረችው፤ አንጓዋ አልዞር አላት። በግራዋ ከፈተችና ወጣች። በሩ ከኋላዋ ቀስ ብሎ ተዘጋ።