ባልሠራሁት ኃጢአት የተጸለየልኝ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው፤ ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የምኖረው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ከተማ፣ ሌክ ሜሪት የሚባለው ሐይቅ አጠገብ ነው። የቢሮ ሥራዬን ከቤት ሆኜ፣ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት እሠራለሁ። የምወደው ጌም ደግሞ ያለ ዊንዶውስ አይነሳም። ቤቴ ጠባብ ስለሆነ ሁለተኛ ኮምፒውተር አልገዛሁም። በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ፈጠርኩ፤ ዊንዶውስ ጫንኩበትና የጌሙን ምስል የምታወጣውን፣ ያለችኝን አንድ ግራፊክስ ካርድ አካፈልኩት። ብዙ አለፋኝ። ጌሙ ሲነሳ ብቻዬን ጨፈርኩ።

ኢንተርኔት ላይ ያሉ ሰዎች «ቨርቹዋል ማሽን መሆኑን ደብቅ፤ አጭበርባሪዎች ስለሚጠቀሙበት ጌሙ ካወቀ ያግድሃል» ይላሉ። ምን ሠርቼ ነው የምደብቀው ብዬ እንዳለ ተውኩት።

አንድ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ጋር፣ ሁላችንም ከየቤታችን ሆነን ስንጫወት፣ «ይህ ተጫዋች በማጭበርበር ታግዷል» የሚል ጽሑፍ ከነስሜ ወጣ። ሁሉም አዩት። ከመካከላቸው ሳን ሆዜ የሚኖረው ጓደኛዬ ሳሚ ወዲያው ደወለ።

«ብሮ፣ ቺት ታደርግ ነበር እንዴ? ባን አደረጉህ እኮ!»

አስረዳሁት። «እሺ፣ እሺ» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ በቤተ ክርስቲያናችን ግሩፕ ላይ የጸሎት ርዕስ ለጠፈ፦ «ወንድማችንን ጌታ ከማጭበርበር መንፈስ እንዲፈታው እንጸልይ።» እኔ እኮ የልጆች ሰንበት ትምህርት አስተማሪ ነኝ! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእኔ ግን በቁሜ ግሩፕ ላይ ተቀበረ።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ሁላችንም እንወድቃለን።»

«ጋሼ፣ እኔ አልወደቅኩም! ጌሙ ያየው ቨርቹዋል ማሽኑን ነው...»

«ገብቶኛል። ብቻ ልጆቹን ለጊዜው ሌላ ሰው ያስተምራቸው።»

ምንም አልገባቸውም። ልጆቼን ተነጠቅኩ።

ለጌሙ ኩባንያ በኢሜይል ላይ ኢሜይል ላክሁ። በመጨረሻ «ለዚህ ጊዜ ብቻ ምሕረት አድርገንልዎታል፤ እንዳይደገም» የሚል መልስ መጣ። ተሳስተናል የሚል ቃል የለበትም! ለሳሚ «አካውንቴ ተመለሰ» ብዬ ብነግረው፣ እሑድ ተነስቶ ጸሎታችን ተሰማ ብሎ መሰከረ። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ። ንስሐ ገብቷል ተብሎ ልጆቹ ተመለሱልኝ።

ደብቀው የሚጫወቱት በሰላም እየተጫወቱ ነው። ምንም ያልደበቅኩት እኔ ምሕረት የተደረገልኝ ሌባ ሆኜ ቀረሁ።

ጋሽ ታደሰ እስከ ዛሬ በር ላይ ሲያገኙኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «በርታ፤ እንዳትመለስበት» ይሉኛል። ልጆቹን ደግመው እንዳይወስዱብኝ ስል «አሜን» እላለሁ። ውስጤ ግን እርር ይላል።