ድርቆሽ ድርቆሽ የሚሸተው ትምባሆ

በድርቆሽ ክምር አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ቡሬ የነበረው ቤታችንና የእናቴ ትምባሆ ትዝ ይሉኛል። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ቢሰማኝ ይስቃል፤ ደህና ትምባሆ ድርቆሽ አይሸትማ።

አባታችን ከሞተ በኋላ እናታችን እኔንና ታላቅ ወንድሜን ሰይድን በጓሮ ትምባሆ ታሳድገን ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ቅጠሉ ወደ ቢጫ ሲያደላ ቀጥፋ፣ በገመድ ሰክታ፣ ከጣሪያው ሥር በጥላ ትሰቅለው ነበር። ደረቅ ነፋስ ሲበረታ በሩ ላይ እርጥብ ጆንያ ትጋርዳለች፤ ጤዛ ሲበዛ ደግሞ ጆንያውን አንስታ አየር ታስገባለች። «ቅጠል ከተጣደፈ ሽታው ጥሬ ይቀራል፣ ከረጠበም ይሻግታል» ትል ነበር። ቀስ ብሎ የደረቀው ማር ማር ስለሚሸት፣ ገበያተኛው ዓይኑን ጨፍኖ የእሷን ይለየው ነበር። ትምባሆ የሚጸየፉት ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ «ለበሬ አልቅት ማስለቀቂያ ነው» እያሉ ይወስዱ ስለነበር፣ የቡሬ በሬ ሁሉ አልቅት የያዘው ይመስል ነበር።

ጣሊያን ምሽግ ሠርቶ ሲቀመጥ ሰይድ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገባ። እናቴ «ለንግድ ሽንዲ ወርዷል» እያለች፣ በምታምነው ሰው እጅ ትምባሆ ትልክለት ነበር፤ ትምባሆው ሲደርሰው ደህና መሆናችንን ያውቃል።

በጥቅምት፣ አዲሱ ቅጠል ገና ገመድ ላይ ሳለ፣ ደንበኛዋ የነበረው የምሽጉ አስተርጓሚ ጫካ የተገኘ የትምባሆ ጥቅል ይዞ መጣና አሸተተው።

«እትዬ ዘይነባ፣ ይህ የእጅዎ ሥራ አይደለም?»

«ገበያ የወጣ ነገር ማን እጅ እንደሚገባ በምን አውቄ?»

«ይሁን። ሁለተኛ ከተገኘ ግን ሽንዲ ወረደ ያሉትን ልጅ አምጡ ይባላሉ።»

እሱ እንደወጣ፣ መላኩን እንድትተው ለመንኋት። «ከቀረበት የሞትን መስሎት ይመጣና ይይዙታል» አለችኝ። ከዚያ የሰይድን ድርሻ ለይታ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው፤ ቅጠሉም አረንጓዴ እንዳለ ክው ብሎ ደረቀ። አንስታ አሸተተችውና «ለባንዳው ማር፣ ለልጄ ድርቆሽ!» ብላ አለቀሰች። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ የላከችለት ይህንኑ ነበር፤ አስተርጓሚውም ዳግመኛ ጥቅል ይዞ አልመጣም።

ሰይድ በደህና የተመለሰ ዕለት ከምርጡ አውጥታ ሰጠችው። አሸተተና አስቀመጠው።

«እማ፣ የድርቆሹን ስጡኝ» አላት።

ዛሬ ሱቁ ሁሉ ጥሩ በሚሸት ሲጋራ ተሞልቷል፤ እናቴም ሰይድም የሉም። እኔ ትምባሆ ቀምሼ አላውቅም። ድርቆሽ ሲሸተኝ ግን ሁለቱም ደህና የሆኑ ይመስለኝና ጥቂት ቆም እላለሁ።